አንድ ባልዲ ውሃ፣ አንዲት ቪትስ እና ሁለት የተኳረፉ ሰዎች

ለዛሬ የያዝኩላችሁ ጉዳይ በአንድ በኩል የመኪና እጥበት ነው፤ በሌላ በኩል የትዳር ነው። «ሁለቱን ደግሞ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። ይገናኛሉ። የሚገናኙትም ጀሪካን ላይ ነው!

ደብዳቤው የመጣልኝ ከቦሩ ሜዳ ነው። ቦሩ ሜዳን ለማታውቁ፣ ከደሴ በስተሰሜን ወጣ ስትሉ የምታገኙት ብርዳም ሰፊ ሜዳ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን ሰብስበው የሃይማኖቱን ክርክር በጉባኤ ያስጨረሱበት ቦታ ነው። ዛሬ ደግሞ ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሆስፒታሉ ነው፤ ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጀምሮ በቆዳ ሕክምና ስም ያተረፈ ሆስፒታል። ታዲያላችሁ፣ ከዚሁ የጉባኤና የቆዳ ሐኪም አገር አንድ ወጣት «በእኔና በሚስቴ መሃል ጉባኤ ይቀመጥልኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ስሙን እንዳላወጣ አደራ ብሏል። አደራውን ጠብቄ የደብዳቤውን ፍሬ ነገር እነሆ፦

«...እቁብ ወጥቶልኝ፣ ዘመድም አበድሮኝ አንዲት አሮጌ ቪትስ ገዛሁ። ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት ከቦሩ ሜዳ ተነስቼ፣ ደሴን አቋርጬ፣ ሐረጎን ወርጄ እገባለሁ፤ ማታ በዚያው መንገድ እመለሳለሁ። በበጋ አቧራ ነው፣ በክረምት ጭቃ ነው። እኔ ደግሞ መኪናዬን ቆሽሻ ማየት አልችልም። እኛ ሰፈር ውሃ የሚገኘው በወረፋ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ አራት ጀሪካን ቀድታ አስቀምጣ ገበያ ሄደች። እኔ አራቱንም መኪናዬ ላይ አፈሰስኳቸው። ስትመለስ ምንም አላለችም። ባዶ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አንስታ አየቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን ደርባ እናቷ ቤት ሄደች። ዛሬ አስራ አንደኛ ቀኗ ነው። ሽማግሌ ብልክባት ‹መኪናዋ እንጀራ ትጋግርለት› ብላ መለሰቻቸው። ምን ይሻለኛል? መኪናዬን ሳላጥብ ልኑር ወይስ ልሽጣት?»

እናንተዬ፣ «መኪናዋ እንጀራ ትጋግርለት» የምትለዋ ነገር ገደለችኝ! ብቻዬን ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ሳቄ ጠፋ። ለምን መሰላችሁ? እኔም እንደዚሁ አድርጌ አውቃለሁ። እንዲያውም የእኔ ይብሳል።

የእኔው ጉድ

ነገሩ የሆነው ደሴ ነው። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ክርስቲያንም ሙስሊምም መገኘቱ ብርቅ አይደለምና፣ የእኔም የአባቴ እህት ሙስሊም ናቸው። አክስቴ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር፣ ጦርነቱ ደሴ በገባ ጊዜ፣ ከቤታቸው አልወጡም ነበር። ውሃ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ያዩ ሴትዮ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ባዶ ጀሪካን ቤታቸው አድሮ አያውቅም። ጓሯቸው ሁልጊዜ ሦስት ሙሉ ጀሪካን ተደርድሮ ይታያል።

ታዲያ አንድ ጊዜ ለጓደኛዬ ሠርግ ሚዜ ሆኜ፣ ለአጀቡ የሰው መኪና ተውሼ ከአዲስ አበባ ደሴ ገባሁ። አርብ ማታ ነው። መኪናዋ የአራት መቶ ኪሎ ሜትሩን አቧራ በሙሉ ተሸክማለች። ሠርጉ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ምን ላድርግ? አክስቴ እስኪተኙ ጠበቅሁና ጓሮ ወጣሁ። «ጠዋት ሄጄ እቀዳላቸዋለሁ» አልኩ ለራሴ። ሦስቱንም ጨረስኳቸው። ኦሞውን በጠበጥኩ፣ በስፖንጅ ፈተግሁ፣ ደግሜም ፈተግሁ። ከዚያ የደከመኝን ያህል ተኛሁ።

ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ገደማ የሆነ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ባዶ ጀሪካን ሲነሳ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ? በመስኮት አየሁ። አክስቴ ለፈጅር ሶላት ዉዱእ ሊያደርጉ ወጥተዋል። አንዱን ጀሪካን አነሱት፤ ባዶ ነው። ሁለተኛውን አነሱት፤ ባዶ ነው። ሦስተኛውን አላነሱትም። ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ጎንበስ አሉና መዳፋቸውን ንጹህ አፈር ላይ መታ አድርገው ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱ። ተየሙም ይባላል፤ ውሃ ያጣ ሙስሊም በንጹህ አፈር የሚያደርገው ነው። ገብተው ሰገዱ። እኔ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ የተኛሁ መሰልኩ።

ጠዋት ቡና ላይ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር! ሲኒውን አቀበሉኝና፣

«አብሽር ልጄ» አሉኝ፤ «መኪናህ በውሃ ታጠበች፣ እኔ በአፈር። አላህ ሁለታችንንም ይቀበለን።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

ጉዱ በዚህ አላበቃም። ፀሐይ ወጥታ መኪናዋን ሳያት ኮፈኗ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት በክብ በክብ ተሥሏል። የሰው መኪና! ስድሳ ሊትር ውሃ ፈሶ፣ አክስት አፍራ፣ መኪናዋ ደግሞ ከመታጠቧ በፊት ከነበረችው ብሳ ቁጭ አለች። ባለቤቱ ሲያያት ምን እንዳለኝ አልነግራችሁም፤ ጋዜጣ ላይ አይጻፍም።

ውሃው ምን አጠፋ?

ብዙዎቻችን መኪናን የሚያጸዳት የውሃው ብዛት ይመስለናል። ነገሩ ወዲህ ነው። አቧራ ማለት የላመ ድንጋይና አሸዋ ነው። አሸዋ ደግሞ ከመኪና ቀለም ይልቅ ጠንካራ ነው። በአንድ ስፖንጅ መኪናዋን ሙሉ ስትፈትጉ፣ ከመጀመሪያው በር ያነሳችሁትን አሸዋ ኮፈኑ ላይ ታሻላችሁ። ስፖንጁን መልሳችሁ ባልዲ ውስጥ ስትነክሩት ደግሞ አሸዋው ባልዲው ውስጥ ገብቶ ተመልሶ ይወጣል። መቶ ሊትር ብታፈሱም በአሸዋ እያሻችሁ ነው የምታጥቡት። ቦሩ ሜዳ የቆዳ ሐኪም አገር ነው ብያችሁ የለ? ቀለም የመኪና ቆዳ ነው። እስኪ የገዛ ፊታችሁን በአሸዋ እሹት!

ስለዚህ የመኪና እጥበት ቁም ነገሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አቧራውን አለስልሶ ከቀለሙ ማላቀቅ። ሁለተኛ፣ የተነሳውን አቧራ ዳግም ቀለሙን እንዳይነካ ማራቅ። እነዚህን ሁለቱን ካደረጋችሁ አንድ ባልዲ ይበቃል።

ይህን ያስተማረኝ ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። እሱ የሚኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ ጓሮ የለው፣ ቧንቧ የለው። መኪናውን የሚያጥባት ምድር ቤት ማቆሚያው ውስጥ በአንድ ባልዲ ነው። ሲነግረኝ «ይኼ መወልወል እንጂ ማጠብ አይደለም» ብዬ ተሟገትኩት። እሱ «ነው» ይላል፣ እኔ «አይደለም» እላለሁ፤ ሁለተኛው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በሉት! በመጨረሻ በተግባር ይታይ ተባለና ግማሽ ኮፈን አጥቦ ነጭ ሶፍት አቀበለኝ። ባጠበው በኩል ሶፍቱን ሳሳልፈው ነጭ ሆኖ ወጣ። ተረታሁ።

ምስጢሩ ፈሳሹ ላይ ነው። ሳይለቀለቅ ለሚታጠብ መኪና ተብሎ የተሠራ ፈሳሽ አለ። በዓለም ላይ ስሙ ከገነነው አንዱ «ኦፕቲመም ኖ ሪንስ» የሚባለው ነው፤ ሌሎችም ብዙ ናቸው። ፈሳሹ የአቧራዋን ቅንጣት ዙሪያዋን ይከባትና ያሟልጫታል። በዚህ ጊዜ ለስላሳ ጨርቅ ሲያልፍባት ቀለሙን ሳትፋቅ ጨርቁ ላይ ትወጣለች። እንደ ኦሞ አረፋ ስለማይሠራና ቀለሙ ላይ የሚጋገር ነገር ስለማይተው መለቅለቅ አያስፈልገውም፤ ማድረቅ ብቻ ነው።

ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ውሃ ሲያጥር ሀብታሙም ባልዲ ይዟል። በካሊፎርኒያ ድርቅ በጠናበት እ.ኤ.አ. በ2014 ዓመት፣ መዝጊያ በሌለው ቱቦ መኪና ማጠብ በመላ ግዛቲቱ ተከልክሎ ነበር። በእኛው አህጉር፣ በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ለአንድ ሰው በቀን የተፈቀደው 50 ሊትር ብቻ ነበር። ለመጠጡም፣ ለምግቡም፣ ለገላውም፣ ለሽንት ቤቱም! 50 ሊትር ማለት ሁለት ጀሪካን ተኩል ነው። የቦሩ ሜዳው ወንድሜ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ያፈሰሰው 80 ሊትር ነው።

እንግዲህ ባልዲውን እናንሳ

አንደኛ፣ ቦታና ሰዓት። መኪናዋ ጥላ ውስጥ ትቁም፤ ላሜራዋም ይቀዝቅዝ። ኮፈኑን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ከሞቀ ጠብቁ። የጋለ ላሜራ ላይ ፈሳሹ ሳይጠረግ ይደርቅና ይዥጎረጎራል። ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ እዚያ እኩለ ቀን ላይ መሥሪያ ቤት በር ላይ አቁመህ እንዳትጀምር። ቦሩ ሜዳ፣ ቤትህ፣ ጠዋት ይሻላል። ግን ውርጩ ሳይለቅ አትነሳ፤ እጅህም ይደነዝዛል። ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ጥሩ ነው። እጅህ ካልቻለ ባልዲው ላይ አንድ ጆግ ለብ ያለ ውሃ ጨምርበት።

ሁለተኛ፣ መጠኑ። ባልዲ ውስጥ 8 ሊትር ንጹህ ውሃ አድርጉ። ከዚያ 30 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ጨምሩ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ይህ የጠቀስኩት የ«ኦፕቲመም» ልክ ነው፤ ሌላ ዓይነት ካገኛችሁ የጠርሙሱን መመሪያ ተከተሉ። «ትንሽ ልጨምርበት፣ ይበልጥ ያጸዳል» አይሠራም! ሲበዛ ቀለሙ ላይ ጉም የመሰለ ነገር ይተዋል። ጠርሙሱ ሲገዙት ውድ ይመስላል፤ ግን ግማሽ ሊትሩ ከ16 ጊዜ በላይ ያጥባል።

ሦስተኛ፣ ጨርቅ። ስፖንጁን እርሱት። አሮጌ ካናቴራም አይሆንም፤ ስፌቱ ይጭራል። የሚያስፈልገው ማይክሮፋይበር የሚባለው ለስላሳ ጨርቅ ነው። ስምንት ወይም አስር ይኑራችሁ። ከባልዲው ውስጥ ሁሉንም ንከሯቸው። አንዱን አውጥታችሁ ጨምቁና መጀመሪያ ለሁለት፣ ደግሞ ለሁለት እጠፉት። እንዲህ ሲታጠፍ ስምንት ንጹህ ገጽ ይኖረዋል። ሁለት ደረቅ ደግሞ ለማድረቂያ ለብቻቸው ይቀመጡ።

አራተኛ፣ ማርጠብ። ከባልዲው ጥቂት ቀንሳችሁ በሚረጭ ጠርሙስ ሙሉና የምታጥቡትን ክፍል ቀድማችሁ እርጩት። አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠጣ፤ ግን እንዳይደርቅ። ይህቺን አትዝለሏት። አቧራው የሚላላው እዚህ ላይ ነው።

አምስተኛ፣ ማሳለፍ። ከላይ ወደ ታች ነው፤ ጣሪያ፣ መስታወት፣ ኮፈን፣ በሮች፣ መጨረሻ የታችኛው ጠርዝ። የታችኛው ከሁሉም የቆሸሸ ስለሆነ ነው ወደ ኋላ የሚቀረው። ጨርቁን ሳትጫኑ፣ በክብ ሳታሽከረክሩ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ አሳልፉት። ገጹ ሲቆሽሽ ገልብጡ። ስምንቱም ገጽ ሲያልቅ ያንን ጨርቅ ወደ ጎን ጣሉትና ሌላ አንሱ። ይህንን በደንብ ያዙልኝ፦ የቆሸሸ ጨርቅ ወደ ባልዲው አይመለስም! የባልዲው ውሃ እስከ መጨረሻው ንጹህ ሆኖ የሚቆየው በዚህ ነው።

ስድስተኛ፣ ማድረቅ። መኪናዋን ሙሉ አጥባችሁ እስክትጨርሱ አትጠብቁ። አንድ በር ታጠበ፣ ያ በር በደረቁ ጨርቅ ይድረቅ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ።

ሰባተኛ፣ ጎማና ቸርኬ። እነዚህ መጨረሻ ላይ፣ ባረጁ ጨርቆች። የፍሬን ብናኝ የነካ ጨርቅ ተመልሶ ቀለም አይንካ። መሬት የወደቀ ጨርቅም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የጎማ ጨርቅ ነው፤ «አራገፍኩት» ብሎ ነገር የለም። የተረፈውን ውሃ ምንጣፉን እጠቡበት። ሲያልቅ ከጉድጓድና ከወንዝ አርቃችሁ ድፉት።

ሥራው ሲለመድ ለቪትስ ግማሽ ሰዓት ነው።

እውነቱን ለመናገር

የማይሆንበትም አለና ልንገራችሁ። ክረምት ላይ ጭቃ ፓራፋንጎው ሥር ሲጋገር በዚህ ዘዴ አትንኩት። ወፍራም ጭቃ በጨርቅ ሲገፋ ቀለም ይዞ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ በውሃ መውረድ አለበት። እዚህ ላይ ክረምቱ ራሱ ያግዛችኋል፤ ዝናብ ላይ አቁሟት፣ ወይም ከቆርቆሮው አሸንዳ የወረደውን አጠራቅማችሁ ድፉባት። ካልሆነ ላቫጆ ውሰዷት። ላቫጆ የሚሠሩት ወጣቶችም የሚበሉት ከዚሁ ነው፤ ጭቃውን ለእነሱ፣ አቧራውን ለባልዲው ብትከፋፍሉት ማንም አይጎዳም።

ሌላው፣ ጨርቆቹም መታጠብ አለባቸው። ከልብስ ጋር ሳይቀላቀሉ፣ ያለ ማለስለሻ፣ በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና። ይህ ግማሽ ጀሪካን ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ «ስምንት ሊትር ብቻ» ብዬ አላታልላችሁም፤ ሁሉ ተደምሮ አንድ ጀሪካን አይሞላም። ከአራት ጀሪካን ወደ አንድ ያልሞላ ጀሪካን!

«ፈሳሹ ባይገኝስ?» ለምትሉ፣ መጀመሪያ የመኪና ዕቃና ጌጥ የሚሸጡትን ሱቆች ጠይቁ፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለም ለሽቶ ከምትልኩት ለዚህ ላኩት። እስኪገኝ ድረስ ኦሞም ላርጎም ምትኩ አይደለም፤ ሁለቱም መለቅለቅ ይፈልጋሉ። በደህና የመኪና ሻምፖ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዛችሁ ሥሩ፦ ትንሹን ማርጠቢያ፣ አንድ አምስት ሊትሩን ከሻምፖው ጋር ማጠቢያ፣ የቀረውን በጆግ ከጣሪያ እያወረዳችሁ መለቅለቂያ። የጨርቁ ሕግ ግን አይለወጥም።

አሁን ወደ ሚስትህ

ወንድሜ የቦሩ ሜዳው፣ እስካሁን ስለ መኪናዋ ነበር ያወራሁህ። አንተ ግን የጠየቅኸኝ ስለ ሁለቱ ነው። እንግዲህ ስማኝ።

ባለቤትህ የተቆጣችው ለውሃው አይመስለኝም። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። አንድ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። አራት ጀሪካን 80 ኪሎ ነው። እሷ ከቦኖው እስከ ቤት 80 ኪሎ ተሸክማ በአራት ምልልስ ያመጣችው ነው። ወረፋው ላይ የቆመችበት ሰዓት ሳይቆጠር! አንተ በሃያ ደቂቃ መሬት ላይ ደፋኸው። ይባስ ብሎ ጠይቀሃት አይደለም፤ ገበያ ስትሄድ ጠብቀህ ነው። እኔም አክስቴ እስኪተኙ ነው የጠበቅሁት። አየህ፣ ሁለታችንም ጥፋት መሆኑን እናውቅ ነበር! ባናውቅማ ኖሮ ፊት ለፊት እንወስደው ነበር።

ባዶ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አንስታ ያየቻቸው ለምን ይመስልሃል? ምናልባት በአንዱ ውስጥ ትንሽ አስተርፈህላት እንደሆነ ብላ ነው። አላስተረፍህላትም።

ስለዚህ ምክሬ እንዲህ ነው። ሽማግሌ መላኩን ለጊዜው ተወው። መኪናዋንም አትሽጥ፤ ጥፋተኛዋ እሷ አይደለችም። ነገ ማለዳ ጀሪካኖቹን ይዘህ ቦኖው ጋ ተሰለፍ። መኪናዋን ቤት ተዋት፤ በእግርህ ሂድ። «ወንድ ልጅ ጀሪካን ተሸክሞ ሲታይ ሰው ምን ይላል?» ትለኝ ይሆናል። ሰው የሚለውን ይበል፤ ሚስቱ አስራ አንድ ቀን እናቷ ቤት ስታድርስ ሰው ምን እያለህ ነው? አራቱን ጀሪካን በገዛ ጀርባህ አምጣ። አራተኛው ላይ ስትደርስ የእኔን ምክር አትፈልገውም፤ ምን ብለህ ይቅርታ እንደምትጠይቃት ወገብህ ራሱ ይነግርሃል።

ከዚያ እናቷ ቤት ሂድ። ቡና እስኪፈላ ተቀመጥ። አቦሉ ላይ ስለ መኪና አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ቶናው ላይም እንዳትተነፍስ። በረካው ላይ «አጥፍቻለሁ፤ ሳልጠይቅሽ ልፋትሽን ደፋሁት» በላት፤ እናቷ እየሰሙ። «ግን» የሚለውን ቃል አትጨምርበት። ይቅርታ ውስጥ «ግን» ከገባ ይቅርታ አይደለም፤ ክርክር ነው።

ቤቷ ከተመለሰች በኋላ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ አንተ በቀዳኸው ውሃ አንድ ባልዲ ሙላና መኪናዋን አጥባት። ባለቤትህ ስታይ ማጠቡን ትጀምር። ስትጨርስ ቀሪዎቹ ጀሪካኖች ሙሉ መሆናቸውን ራሷ ታነሳቸውና ታየዋለች። ሌላ ንግግር አያስፈልግህም።

ወጣት አንባቢዎቼ፣ ገና ያላገባችሁም፣ መኪና ገና ያልገዛችሁም ይህን ያዙልኝ። ቤታችሁ ውስጥ ያለ ውሃ ሁሉ አንድ ሰው የቆመበት ወረፋ አለው። ባልዲ ከማንሳታችሁ በፊት «ይኼን ማን ቀዳው?» በሉ። ለእኔ ይህን ለመማር አንድ ሌሊት በመስኮት ማየት አስፈልጎኛል።

የአክስቴን መጨረሻ ሳልነግራችሁ አልለያችሁም። ጓደኛዬ ዘዴውን ካስተማረኝ በኋላ ደሴ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ የመጀመሪያ ሥራዬ ሦስት ጀሪካን መቅዳት ነበር። ሞላኋቸው፣ ደረደርኳቸው። ከዚያ «አንድ ባልዲ ትፈቅዱልኛላችሁ?» ብዬ አስፈቀድኩ። አክስቴ በር ላይ በርጩማቸውን አውጥተው መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ከመጀመሪያው ጨርቅ እስከ መጨረሻው ሲያዩኝ ቆዩ። አንዲት ጠብታ ለመለቅለቂያ እስክጨምር እየጠበቁ ነበር መሰለኝ። ስጨርስ ተነስተው መጡና በጣታቸው ኮፈኑን ጠረግ አድርገው ጣታቸውን አዩት። ንጹህ ነው። ባልዲው ውስጥ የቀረውንም ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ሳቅ እያፈናቸው እንዲህ አሉኝ፦

«እንዴ! መኪናህም ተየሙም ለመደች በለኛ!»

የቦሩ ሜዳው ወንድሜ፣ ባለቤትህ የተመለሰች ዕለት ጻፍልኝ። ለሌሎቻችሁም ደብዳቤያችሁን እጠብቃለሁ፤ ስማችሁ አይወጣም። እስከ ሳምንት ቸር ይግጠመን!